ጅግሪት መካን አልነበረችም

ባህር ዳር፣ ወራሚት በኩል፣ ጣና ሀይቅ ዳር ግቢያቸው ውስጥ ሶስት ላም የሚያረቡ ባልና ሚስት አሉ፣ ከሶስቱ አንዷ ጅግሪት ትባላለች። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ስለሆነች ጅግራ ትመስላለች ብለው ነው ስሙን ያወጡላት። የፎገራና የፈረንጅ ዲቃላ ናት፣ ቁመናዋ ያምራል፣ ጠባይዋ ደሞ ሰው ትወዳለች፣ በረት ስትገቡ አንገቷን ታመጣና ክንዳችሁን ትልሳለች። ባለፈው ዓመት በሁዳዴ መሀል እዛ ቤት ስሄድ ግን ጅግሪት ተፈርዶባት ነው የደረስኩት። ሶስት ጊዜ ተዳቅላ አልያዘችም። አባወራው "በቃ ዶክተር መክናለች፣ ለፋሲካ ትሸጣለች" አሉኝ። አልፈርድባቸውም። በጾም ወተት ገዢ የለም፣ ያለው ይናጥና ቅቤ ይሆናል፣ ፍሩሽካውና ፋጉሎው ግን በጾምም በፍስክም ይገዛል፣ ከወለደች ዘጠኝ ወር ያለፋት ላም ወተቷ እየቀነሰ ሲሄድና ሆዷ ባዶ ሲሆን ገበሬ ምን ያድርግ?

እኔ የእንስሳት ሀኪም ነኝ፣ በዛ ሰዓት የማስተርስ ጥናቴን እየሰራሁ ነበር፣ ርዕሱም ልክ እንደ ጅግሪት ያሉ ላሞች ናቸው፣ ሶስት ጊዜና ከዛ በላይ ተዳቅለው ያልያዙ ነገር ግን ዑደታቸው የማይዛባ። በየ21 ቀኑ፣ ወይ ከ18 እስከ 24 ባለው ውስጥ፣ ኮርማ ይፈልጋሉ፣ ይዳቀላሉ፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይፈልጋሉ። ለጥናቱ የተጠቀምኩት ወረቀት ሁለት ገጽ ነው፣ የመጀመሪያው መስመር "የባለቤት ስም" ይላል፣ አራተኛው ወይ አምስተኛው ላይ "ድራት የታየበት ሰዓት" የሚል አለ፣ ድራት የምንለው ላሟ ኮርማ የምትፈልግበትን ጊዜ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚች አንዲት መስመር ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ጅግሪትን መረመርኳት። እስከ ትከሻ የሚደርሰውን ጓንት አጥልቄ፣ በሳሙና ውሃ አለስልሼ፣ በፊንጢጣዋ በኩል እጄን አስገብቼ በአንጀቷ ግድግዳ ላይ ማህፀኗን ፈለግኩ። ይሄን ስራ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከእጃችሁ ጫፍ ብቻ ነው የምታዩት። ማህፀኗ ሁለት ቀንድ አለው፣ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ግድግዳው አልወፈረም፣ መግል የሚመስል ነገር አልወጣም። የቀኝ ኦቫሪዋ (እንቁላሉ የሚያድግበት) ላይ ጫፉ ጎላ ያለ እብጠት አገኘሁ፣ ቢጫ አካል የምንለው ነው፣ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ እዛው ቦታ ላይ የሚያድግና እርግዝናን የሚጠብቀውን ሆርሞን የሚያመነጭ። እሱ አለ ማለት ላሟ እንቁላል ጥላለች ማለት ነው። እንቁላል የምትጥል፣ ማህፀኗ ንጹህ የሆነ፣ ስጋዋ ያልከሳ ላም ደሞ መካን አትባልም።

ይሄንን ለአባባ ነገርኳቸውና ወረቀቴን አውጥቼ መጠየቅ ጀመርኩ። መጨረሻ የተዳቀለችው መቼ ነው ስል ነገሩኝ። አዳቃዩ፣ ማለትም የኮርማ ዘር ይዞ መጥቶ በእጁ የሚያስገባው ባለሙያ፣ ማነው ስልም ነገሩኝ። ኮርማ የፈለገችው በስንት ሰዓት ነው ስል "ጠዋት ነው፣ ጠዋት አይቻት ነው ያስጠራሁት" አሉ። ከኋላዬ እማማ ማለቢያ ቅላቸውን እያጠኑ ነበር፣ የወይራ ጭሱ በረቱን ሞልቶታል፣ ቀና ሳይሉ ቀስ ብለው

"ጠዋት አይደለም፣ ሌሊት ነው" አሉ።

ዞር ብዬ "እንዴት አወቁ እማማ?" አልኳቸው።

"በ11 ሰዓት ላልባት ስገባ ወተቷን ትይዛለች፣ ሌላ ጊዜ እኮ ጡቷን ስነካው ነው የምትለቀው። ቆማ ነው የምታድረው፣ አትተኛም። ከኋላዋ ደሞ እንደ እንቁላል ነጭ የመሰለ ረዘም ያለ ፈሳሽ ጭዱ ላይ አለ። ያን ቀን ነገርኳቸው፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር፣ ሲመለሱ ነገርኳቸው።"

አባባ አልተከራከሩም፣ ልክ ናት አሉ። እኔ ግን ቁጭ አልኩ፣ እውነቴን ነው የውሃ ጀሪካን ላይ ቁጭ አልኩና ሰዓቱን እያንዳንዱን አስቆጠርኳቸው። እማማ ያዩት ከንጋቱ 11 ሰዓት። ለባላቸው የነገሩት ከቅዳሴ መልስ፣ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ። አባባ ለአዳቃዩ የደወሉት እሳቸውም ወጥተው በረት አይተው ካረጋገጡ በኋላ፣ ስልኩ አልሰራ ብሎ ከሰዓት በአካል ሄደው ያገኙት ወደ 9 ሰዓት። አዳቃዩ ቀጠሮ ያለበት ቤት ስለነበር የመጣው በማግስቱ ረፋድ 4 ሰዓት። እማማ ካዩበት እስከ አዳቃዩ እጅ 29 ሰዓት። ድራቱ የጀመረው ደሞ እማማ ከመግባታቸው በፊት ነው።

አሁን ሳይንሱን በአጭሩ ልበል፣ ስለሚያስፈልግ። ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ረጅም አይደለም፣ የፈረንጆቹ ግማሽ ቀን ገደማ ወይም ትንሽ ከዛ በላይ፣ የኛ የሀበሻ ከብት ደሞ ባብዛኛው ከዚህም ያጥራል፣ ምልክቱም ድምጹን ያጠፋ ነው። እንቁላሉ የሚወጣው ድራቱ ካበቃ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ ወጥቶ ደሞ በህይወት የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። የወንዱ ዘር በበኩሉ ማህፀን ውስጥ ከገባ በኋላ እንቁላል ለመብሳት እስኪደርስ የተወሰኑ ሰዓታት መቆየት አለበት፣ ከዛ በኋላ አንድ ቀን ገደማ ይኖራል። ስለዚህ ዘሩ ቀድሞ ገብቶ እንቁላሉን መጠበቅ አለበት እንጂ እንቁላሉ ዘሩን አይጠብቅም። ትሪምበርገር የሚባል ተመራማሪ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ኔብራስካ ላይ ይሄን አጥንቶ ነው እስከዛሬ ሁላችንም የምንማረው ደንብ የወጣው፣ ጠዋት የታየችውን ማታ፣ ማታ የታየችውን በማግስቱ ጠዋት አዳቅሉ የሚለው። በጅግሪት ስናሰላው ድራቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ጀምሮ ከሆነ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ያበቃል፣ እንቁላሉ ሌሊት 7 ሰዓት አካባቢ ይወጣል፣ ሲነጋጋ እየሞተ ነው። አዳቃዩ በ4 ሰዓት ሲደርስ ጥሩ ዘር ይዞ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሁሉን በደንቡ አድርጎ ያስገባል፣ የሚጠብቀው ግን የለም። ሶስት ጊዜ እንዲህ። ሶስት ጊዜ ደሞ "ዘሩ ሞቶ ነው"፣ "አዳቃዩ እጁ አይቀናም"፣ "ቡዳ በልቷት ነው" ተባለ።

ሌላ ደሞ አለ። ድራት ይበልጥ የሚጠነክረው ከመሸ እስከ ንጋት ባለው ሰዓት ነው፣ መስክ ላይ የሚውሉ ከብቶች ላይ የተሰሩ ብዙ ጥናቶች ይሄን ነው የሚያሳዩት። መስክ ላይ ከሆነ አንዷ ባንዷ ላይ ስትወጣ ከሩቅ ይታያል፣ ቆማ የምትታገሰዋ እሷ ናት የደረሰችው፣ ይሄ ትልቁ ምልክት ነው። ባህር ዳር ውስጥ ግን ላሞቹ የት አሉ? ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ስር፣ አጭር ገመድ ላይ። የታሰረች ላም ላይ ማን ይወጣል? እሷስ በማን ላይ ትወጣለች? መጽሐፍ ላይ ያለው ትልቁ ምልክት እነሱ ቤት የለም። የሚቀረው ምልክት ወተት መያዝ፣ ቆሞ ማደር፣ ጆሮ ማቅናት፣ ሰው ሲገባ ዞሮ ማየት፣ ጭድ ላይ የወደቀ ፈሳሽ ነው፣ ይሄን ደሞ የሚያየው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ጉንጩን ጎኗ ላይ አስደግፎ የሚያልባት ሰው ብቻ ነው።

አባባን አንድ ዑደት ብቻ ስጡኝ አልኳቸው፣ 21 ቀን። ፋሲካ ከዛ በኋላ ስለሆነ እሺ አሉ። ለእማማ ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋቸው፣ ካርድም ሞላሁላቸው፣ ሌሊት ይሁን ንጋት አያፍሩ፣ ይደውሉ አልኳቸው።

የሚጠበቀው ቀን ሲቃረብ ግን አላስቻለኝም፣ ሄጄ አደርኩ። ባለቤቴ ደስ አላለውም (ምክንያቱን ቆይቼ እናገራለሁ) ግን ሸኘኝ። እማማ በረቱ ጥግ ቁርበት አነጠፉልኝ፣ ጋቢ ሰጡኝ፣ ትንኙ ለጉድ ነው፣ ሀይቁ ቅርብ ስለሆነ የውሃው ሽታ ከእበቱ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። እስከ 6 ሰዓት ምንም የለም፣ ሶስቱም ተኝተው ያመነዥካሉ። ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ ነበር መሰለኝ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ የገመድ ድምጽ ቀሰቀሰኝ፣ ባትሪ ሳበራ ጅግሪት ቆማለች። ማመንዠኩን ትታለች። ጎረቤቷን ላም ጀርባዋን ታሸታለች፣ አገጯን ልትጭንባት ትሞክራለች፣ ገመዱ ይመልሳታል፣ እንደገና። ድምጽ አላወጣችም፣ አንዴም አልጮኸችም። እኔ "ላም ስትፈልግ ትጮሃለች" ብዬ ስንት ሰው እንዳስተማርኩ አስቡት። ከ9 ሰዓት ተኩል ግድም ብልቷ ላይ ጥርት ያለ ፈሳሽ ተንጠለጠለ፣ ቀጭን ክር ሆኖ እስከ ተረከዟ ወረደ፣ ከዛ ተበጠሰና ጭዱ ላይ ወደቀ። እማማ በ11 ሰዓት ሲገቡ ከሩቅ የሰዓታት ድምጽ በማይክ ይሰማል፣ ቁጭ ብለው ጡቷን ነኩ፣ አልለቀቀችም። ቀና ብለው አዩኝ፣ "ይኸው" አሉ። በቃ ይቺው ናት።

የዛን ቀን ከሰዓት 11 ሰዓት ተዳቀለች። አዳቃዩን በጠዋት ነግሬው ስለነበር ሌላ ስራውን አስተካክሎ በሰዓቱ መጣ፣ እኔ ስለሱ ስራ ክፉ የምናገረው የለኝም፣ አንድ ሰው ባንድ ሞተር ሳይክል ስንት ቀበሌ ያዳርሳል። ዘሩ የሚቀመጥበት ናይትሮጂን 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፣ ከኮንቴነሩ አንገት በላይ ስትሮውን (ዘሩ ያለበትን ቀጭን ቱቦ) ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ከፍ አድርገው ካዘገዩት ይጎዳል፣ ሲወጣ ደሞ ወዲያው ወደ 37 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ይገባል። እማማ ውሃውን አሞቁ፣ እኔ በቴርሞሜትር ለካሁ፣ እሱ ሰዓቱን ቆጠረ። ቃሊቲ ላይ ብሔራዊው የማዳቀያ ማዕከል ከተቋቋመ ስንት ዓመት ሆነው፣ አገሩ በሙሉ የደከመው ይቺ ዘር እዚህ እንድትደርስ ነው፣ ኮርማው ተመርጦ፣ ዘሩ ተሰብስቦ፣ ተመርምሮ፣ በርዶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ እዚህ ሀይቅ ዳር መጥቶ፣ መጨረሻ ላይ በሰዓታት መዘግየት የሚባክን ከሆነ ያሳዝናል።

በ21ኛው ቀን እማማ ደወሉ። "ልጄ፣ ወተቷን ለቃለች፣ ተኝታለች" ብቻ ብለው ዘጉት። ከ60 ቀን በኋላ ሄጄ መረመርኩ፣ የቀኙ ቀንድ ከግራው ወፍሯል፣ ውሃ እንደያዘ ፊኛ እጄ ስር ይንሸራተታል። ይዛለች። አባባ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ፣ እማማ ግን ገርሟቸው አልነበረም፣ እኔ ጓንቴን ሳወልቅ ጠጋ ብለው "አንቺስ ስንት ወርሽ ነው?" አሉኝ። ለባለቤቴና ለእናቴ ካልሆነ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ የስራ ልብሴም ሰፊ ነው። "ያን ሌሊት በረት ስታድሪ አይቼ አውቄያለሁ፣ አቀማመጥሽ ነገረኝ" አሉ። ስድስት ወሬ ነበር፣ ያን ሌሊት አራት።

ባለቤቴ ደስ ያላለውም በዚህ ነው፣ ትክክልም ነበር። ይሄን የምጽፈው ሌሎች እርጉዝ የሆናችሁ የእንስሳት ሀኪሞችና አዳቃዮች እንድታነቡት ነው። ላሞችን ባንድ ሰሞን ድራት ለማስያዝ የምንወጋው ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ሆርሞን ቆዳ ላይ ቢፈስ ሰርጎ ይገባል፣ የሴትን ማህፀን ያኮማትራል፣ እርጉዝ ሴት ጨርሶ መንካት የለባትም፣ አስም ያለበት ሰውም እንዲሁ። እኔ ጥናቴ ውስጥ ይሄን የሚነካ ስራ ሲኖር የስራ ባልደረባዬ ይሰራው ነበር። ከዛ ደሞ የውርጃ በሽታ አለ፣ ብሩሴሎሲስ። ባንግ የተባለ የዴንማርክ ሀኪም በ1897 እ.ኤ.አ. ከላሞች ውርጃ ጀርሙን ያገኘው፣ ከሰው ላይ ደሞ ብሩስ የተባለው ሀኪም ቀደም ብሎ በ1887 ማልታ ላይ። የጨነገፈች ላም የእንግዴ ልጅ፣ ፈሳሽና የሞተው ጽንስ በጀርሙ የተሞላ ነው፣ በባዶ እጅ መንካት ከባድ አደጋ ነው። ላም በአምስትና በሰባት ወር መሀል ወይ ከዛ በኋላ ካስወረደች፣ የእንግዴ ልጁም አልወድቅ ካለ፣ በባዶ እጅ አትጎትቱ፣ ለውሻ አትጣሉ፣ ወደ ሀይቁም አትወርውሩ፣ በጥልቅ ቅበሩ፣ ባለሙያ ጥሩ፣ ደሟ ይመርመር። ምርመራው ቀላል ነው፣ ከደሟ የተለየች ጠብታ ሴረም ሮዝ ቀለም ካለው ፈሳሽ ጋር ሰሃን ላይ ትደባለቅና በ4 ደቂቃ ውስጥ ስትረጋ ወይ ሳትረጋ ይታያል። ወተቱን ደሞ አፍሉት። ጥሬ ወተት ጉልበት ይሰጣል የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፣ የምወዳቸው ሰዎች ናቸው የሚሉት፣ ግን እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ የማታ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ህመም ይዞ ለወራት የሚያሰቃይ በሽታ ነው፣ መድሃኒቱም ሁለት ዓይነት ሆኖ ባብዛኛው 6 ሳምንት የሚወሰድ ነው። አፍልታችሁ ጠጡ በቃ።

ፕሮስታግላንዲንን ካነሳሁ አይቀር አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር። ከዓመታት በፊት እዚህ አካባቢ ባለ አንድ ወረዳ በዘመቻ ላሞች ሲወጉ ተማሪ ሆኜ ሄጄ ነበር። ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ሁሉም ባንድ ሳምንት ድራት ከገቡ አዳቃዩ ባንዴ ይጨርሳል፣ ገበሬውም ሌሊት መጠበቅ አይኖርበትም። መርፌው የሚሰራው ግን ያንኑ ቢጫ አካል በማፍረስ ነው፣ ስለዚህ ቢጫ አካል የሌላት፣ ወይም ገና ድራት ከወጣች አምስት ቀን ያልሞላት ላም ላይ አይሰራም፣ እርጉዝ ላም ላይ ደሞ በጣም ይሰራል፣ ጽንሱን ያስወርዳታል። ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ጸሀዩ ይፋጃል፣ የሚመረምረው አንድ ሰው ነው፣ ሪፖርቱ የሚጠይቀው ስንት ላም እንደተወጋ እንጂ ስንት እንደተመረመረ አልነበረም። ከሰዓት ላይ ሳይመረመሩ መወጋት ጀመሩ። አንዲት እናት "የኔዋ የያዘች ይመስለኛል" እያሉ ነበር፣ ሰምቻቸዋለሁ፣ ተማሪ ነበርኩና ዝም አልኩ። ላሚቷ በሳምንቱ ውስጥ አስወረደች። የሶስት ወር ገደማ ጽንስ። ሴትየዋ ማንንም አልከሰሱም፣ "እግዜር ያመጣው ነው" አሉ። አይደለም እማማ፣ እኛ ነን ያመጣነው። ይሄን በአደባባይ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

እና አያችሁ፣ እዛም ያወቀችው ሴትየዋ ነበረች።

ስልጠና ላይ ግን የሚጠራው ማነው? "የባለቤት ስም" የሚለው መስመር ላይ ያለው ሰው ነው። ባለፈው ግንቦት ስለ ድራት ምልክት በተሰጠ ስልጠና ላይ ተጋብዤ ነበር፣ አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ውስጥ ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ከወንዶቹ "ላሞቹን ራሱ የሚያልብ እጅ ያውጣ" ስል ሁለት ሰው አወጣ። ወንዶቹ ጥፋት የለባቸውም፣ ተጠሩና መጡ፣ የያዙትንም ቤት ሄደው ይነግራሉ ይባላል። ግን ያንን ሁሉ ሰዓት ቆጥረን አየነው እኮ፣ ወሬው ካንዱ ወዳንዱ ሲሻገር ነው እንቁላሉ የሚሞተው። ላም በዓመት አንድ ጥጃ እንድትሰጥ ከተፈለገ እርግዝናው ራሱ 283 ቀን ገደማ ይወስዳል፣ ከ365 ላይ ሲቀነስ 82 ቀን ይቀራል፣ ከወለደች በኋላ ማህፀኗ ተመልሶ እስኪስተካከል ደሞ ከዛ ውስጥ 40 ቀን አካባቢ ይሄዳል። የቀረው ጊዜ ሁለት ድራት ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለት! አንዱ ካመለጠ 21 ቀን ወተት የማይሆን መኖ ነው።

ሁሉም ነገር በሰዓት ይፈታል እያልኩ አይደለም። ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ወደ ወረታና ርብ ጉማራ በኩል ስትሄዱ ችግሩ ሌላ ነው። እዛ ላሟ ጭራሽ ድራት አትገባም፣ ምክንያቱም ከስታለች። ሜዳው በሩዝ ተይዟል፣ ግጦሹ ጠቧል፣ የቀረው ረግረጉ ነው፣ ረግረጉ ላይ ደሞ ትንንሾቹ የውሃ ቀንድ አውጣዎች አሉ፣ የጉበት ትሉ በነሱ ውስጥ አድጎ እርጥብ ሳር ላይ ይለጠፋል፣ ላሟ ትግጠዋለች፣ ጉበቷ ይበላል። የፎገራ ላም ለጭቃውና ለዝንቡ ከማንም በላይ የምትችል ናት፣ ጢስ አባይ መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ የምርምር ማዕከልም ስንት ዘመን ሙሉ ዘሯን ሲጠብቅና ሲያሻሽል የኖረው ለዚህ ነው፣ ግን ባዶ ሆድ ላይ እንቁላል አይበስልም። እዛ መጀመሪያ መኖ፣ ከዛ የትል መድሃኒት ነው። መድሃኒቱም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ አልቤንዳዞልን በእርግዝና የመጀመሪያ 45 ቀን ውስጥ ላለች ላም መስጠት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፣ ስለዚህ እዛም ላሟ መቼ እንደተዳቀለች የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ዞሮ ዞሮ ያው ጥያቄ ነው። ስለ ፎገራ ሌላ ጊዜ ለብቻው እጽፋለሁ፣ ብዙ አለው።

ጥናቴን ሳቀርብ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ጨምሬ ነበር። አንዱ "ላሟን የሚያልባት ማነው፣ ስልክ" ይላል፣ ሁለተኛው "መጀመሪያ ምልክት ያየው ሰው ያየበት ሰዓት"፣ ያስጠራው ሰው የነገረን ሰዓት ሳይሆን። አማካሪዬ አይቶ ሁለተኛውን ወደ ላይ አውጪው አለኝ፣ ከባለቤት ስም ቀጥሎ። አሁን የምሰራባቸው ቤቶች ሁሉ በዚህ ነው የሚመዘገቡት፣ ስልኬ ላይ ያሉት ስሞችም "እማማ ወራሚት"፣ "እማማ ሽምብጥ"፣ "እትዬ ሰባታሚት" ሆነዋል፣ ንጋት ላይ ሲደወል ልጄን እያጠባሁ አነሳዋለሁ።

ልጄ ነሐሴ ላይ ነው የተወለደችው፣ ደህና ናት። ጅግሪት ከመስከረም ጀምሮ ነጥፋለች፣ ሆዷ ወደ ቀኝ ገፍቷል፣ ሰሞኑን ሄጄ ጎኗን በቡጢ ቀስ አድርጌ ስገፋው ጥጃው መልሶ ገፋኝ። ቀኗ ታህሳስ 18 ግድም ነው፣ ጥቂት ቀን ሊያልፍ ይችላል። ለእማማ ጓንት ወስጄላቸዋለሁ፣ እትብቱ የሚቀባ አዮዲንም፣ እንገሩን ደሞ ጥጃው በተወለደ በሰዓታት ውስጥ እንዲጠግብ፣ ለጎረቤት ከመታደሉ በፊት፣ ተነጋግረናል። የእንግዴ ልጁ እስከ ማግስቱ ካልወደቀ ሳይጎትቱ እንዲደውሉልኝ ተስማምተናል። አባባ በረቱ ጥግ ያችን ቁርበት አራግፈው ሰቅለዋታል፣ "በ18 ትመጫለሽ አይደል?" አሉኝ፣ እማማ ግን "በ16 ትምጣ፣ እኔ ሌሊቱን አውቀዋለሁ" አሉ።

በ16 እሄዳለሁ።